አልነቀል ያሉት ጥይቶች

ሴፕቴምበር 14፣ ቅዳሜ

ደስቲን ሆስፒታል ነው። ጠመንጃው ፊቱ ላይ ፈነዳ። ጥይቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ሌላውን ነገ።

ሴፕቴምበር 15፣ እሑድ

ልብስ ልቀይር ሆስፒታሉ ካለበት ከግሬት ፎልስ መጣሁ። ተመልሼ እሄዳለሁ። ከመሄዴ በፊት እንደነበረ ልጻፈው፤ ቆይቼ ሌላ ነገር እንዳልጨምርበት።

ከአደን ወቅት በፊት የተኩስ ክበባችን የጠመንጃ ዒላማ የሚያስተካክልበት ቀን ነበር። ሜዳው ሙሉ ሰው ነው። ልጄ ደስቲን አባቱ ያወረሰውን ጠመንጃ ይዞ ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ይተኩሳል። እኔና ሮይስ ከኋላው ቆመን እንቀልዳለን። ሮይስ የሟቹ ባሌ የአርን ጓደኛ ነው። አርን ከሞተ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ ጋ ምድር ቤት እየመጣ አብረን ያገለገለ ቀለህ እንሞላለን፤ ባሩድ፣ መለኮሻው ካፕሱል፣ አረር፣ ወሬ። የመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ደህና ነበሩ። ደስቲን ዞር ብሎ "እማ፣ እጅሽ ይባረክ" አለኝ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የተኩስ ድምፅ አልነበረም። ብረት ሲሰነጠቅ እንደሚሰማው ነው። ጭሱ በፊት ሳይሆን በኋላ ወጣ። መነጽሩ ኮፍያው ላይ ተሰክቷል። ዓይኑ ላይ አልነበረም።

ቀድሞ የደረሰው ሮይስ ነው። ፎጣ ይዞ ሮጠ። ፊቱ ወረቀት መስሎ ነበር።

ጃኔል፣ የደስቲን ሚስት፣ ሆስፒታሉ ውስጥ ምንም አላለችኝም። ነርሷ "ጥይቱ የፋብሪካ ነው?" ብላ ስትጠይቅ ግን ጃኔል በጣቷ ወደ እኔ አሳየች። ቃል ሳትናገር፣ በጣቷ ብቻ።

አንድ ነገር ከነከነኝ። ኦገስት ላይ እህቴ ማይኖት ከተማ ወድቃ ዳሌዋ ሲሰበር፣ ላስታምማት ስሄድ የደስቲንን ሳጥን ከግማሽ ትንሽ አሳልፌ ሞልቼ የተነሣሁ ይመስለኝ ነበር። የቀሩት ቀለሆች ባዶ ነበሩ። ስመለስ ሳጥኑ ሙሉ ሆኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ሳላጣራ ሰጠሁት። ኮሪደሩ ላይ ሮይስን ጠየቅሁት።

"ሮይስ፣ ያንን ሳጥን ጨርሼው ነበር እንዴ የሄድኩት?"

የለስላሳ መሸጫውን ማሽን አየት አደረገ። "ጨርሰሽዋል፣ ማርሊስ። ረስተሽ ነው። ስልኩ ሲደወል ጭንቅላትሽ የት ነበር?"

እጁን ጀርባዬ ላይ አሳረፈ። እሱ ባይኖር ምን እሆን ነበር።

ሴፕቴምበር 17፣ ማክሰኞ

ሸሪፉ መጥቶ አየ፣ አደጋ ነው ብሎ ሄደ። የተረፈውን ሳጥን ተወልኝ።

ሮይስ መጣ። ቡናውን አፈላሁለት፣ ያንን ጥቁሩን፣ እኔ የማልወደውን። በዚህ በጋ የሞላሁትን ጥይት በሙሉ ልፈታው እንደወሰንኩ ነገርኩት። አንድ በአንድ አረሩን ነቅዬ ባሩዱን አያለሁ።

"ምን ያደርግልሻል?" አለ። "ሁሉንም ስጪኝና ግድቡ ውስጥ ልጣልልሽ።"

"ጥይት ውሃ ውስጥ ይጣላል?"

"ማርሊስ፣ ራስሽን አትግረፊ። የተሰበረ ተሰበረ።"

ደግ ሰው ነው። ግን አልሰጠሁትም። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ልጄን በየትኛው ዓይኔ አየዋለሁ።

ሴፕቴምበር 19፣ ሐሙስ

ጀመርኩ። በመዶሻው መንቀያ ነው። መልኩ መዶሻ ነው፤ ራሱ ግን ክፍት ነው። ጥይቱን በመቆንጠጫው ይዘሽ ትከቺዋለሽ፣ ክዳኑን ታጠብቂያለሽ፣ ጠንካራ ነገር ላይ ትመቺያለሽ። ቀለሁ ተይዞ ይቀራል፤ አረሩ በራሱ ክብደት ይወጣል፣ ባሩዱም ተከትሎት ይፈስሳል። አንዳንድ ሰነፍ ሌላ መያዣ ይከትበታል፤ ጥይት በማይገባው መያዣ ስትመቺ ካፕሱሉ ቢነሣ እጅሽ ላይ ነው። ሲሚንቶ ላይ አልመታም፣ መዶሻው ይሰነጠቃል። አርን የተወልኝ የጥድ ጉማጅ ላይ፣ በተቆረጠበት ፊት። ሥሩ ላይ የጆሮ መድፈኛ ስፖንጅ አድርጌያለሁ፣ የአረሩ ጫፍ እንዳይጎዳ። መነጽር። ምድጃው ጠፍቷል። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ባሩድ የለም።

አንዱን ነቅዬ ነጩ ሳህን ላይ ሳላራግፍ ሌላውን አላስገባም። ሳህኑ ላይ አያለሁ፣ እመዝናለሁ፣ ውጭ ሣር ላይ እበትነዋለሁ።

እስካሁን ንጹሕ ነው። እንደተከተፈ ጥቁር ክር፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ክብደቱም ልክ። ታዲያ ምን?

ሴፕቴምበር 21፣ ቅዳሜ

የደስቲንን ሳጥን ያዝኩ። አብዛኞቹ በሁለት ምት በሦስት ምት ወጡ፣ ባሩዳቸውም ደህና ነው። ጥቂቶቹ ግን እንቢ አሉ። ክንዴ እስኪዝል መታሁ። የቀለሁ አፍ አረሩን ጨምድዶ ይዞታል።

እንዲህ ማን ጨምድጂ አለኝ? ለምን? አላስታውስም። እንዲህ ማድረግ ልማዴ አይደለም።

እናቴን አስታወስኩ። ጫማዋን ምድጃ ውስጥ የከተተች ዕለት እሷም "እኔ እንዲህ አላደርግም" ነበር ያለችው።

ሴፕቴምበር 22፣ እሑድ

ጃኔል ደወለች። ቀድማ የተለማመደችውን የምትናገር ትመስል ነበር።

"ማርሊስ፣ እርስዎ ላይ ቂም ይዤ አይደለም። ብሪታን ከትምህርት ቤት ለጊዜው አያምጧት።"

"መንዳትና ቀለህ መሙላት ምን አገናኘው?"

"ለጊዜው ነው ያልኩት።"

"ደስቲን ያውቃል?"

ስለ ሐኪሙ ቀጠሮ ታወራልኝ ጀመር። ያውቃል ማለት ነው።

የልጅ ልጄ ብሪታ ሰባት ዓመቷ ነው። መኪናዬ ውስጥ የምትዘፍነው ዘፈን አለ፣ የራሷ ድርሰት፣ ስለ ላም። እሺ አልኳት። ምን ልበል። እሷን ብሆን እኔም እንዲሁ አደርግ ነበር።

ሴፕቴምበር 24፣ ማክሰኞ

የክበቡ ሊቀ መንበር ቨርን ደወለ። የክረምቱን የቀለህ ሙሌት ትምህርት ዘንድሮ ሮይስ ይስጠው ብለዋል። "ለጊዜው" አለ እሱም። ቃሉን ተዋውሰውታል።

ሮይስ ሲመጣ አፍሮ ነበር። "እኔ አልጠየቅኩም፣ ማርሊስ። ሙች ስልሽ።"

"አውቃለሁ። ካንተ የተሻለ የለም" አልኩት። ከልቤ ነው ያልኩት።

እንቢ ያሉትን ጥይቶች አሳየሁት። አንዱን አንሥቶ ብርሃን ላይ አገላበጠና ቶሎ መልሶ አስቀመጠው።

"ለእነዚህ መቆንጠጫው መንቀያ ነበር የሚያስፈልገኝ" አልኩት። "አንተ ጋ አይደል? በጋ ላይ ወስደኸዋል።"

"እቤት ነው። አመጣዋለሁ።" ቀጠለና "ወይ ጥይቶቹን ስጪኝ፣ እዚያው እነቅልሻለሁ። ክንድሽን አትጨርሺ" አለኝ።

ልሰጠው እጄን ዘረጋሁ። ብሪታ ያን ሰዓት ከትምህርት ቤት የምትወጣበት ሰዓት ነው፤ ስልኩ የሚጮህ መሰለኝና ወደ ላይ ወጣሁ። አልጮኸም። ስመለስ ሳጥኑን ራሴ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ምክንያት የለኝም።

ሴፕቴምበር 30፣ ሰኞ

ሐኪም ቤት። ማንም አያውቅም፣ ከሮይስ በቀር። ነድቶ የወሰደኝም እሱ ነው።

ወጣቷ ሐኪም ቃላት ሰጠችኝና ቆይታ ጠየቀችኝ። ወረቀት ሰጥታ ሰዓት ሳዪ አለችኝ። ስድሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝ ሰዓት እየሳልኩ፣ ረጅሙ ቆጣሪ የቱ ጋ እንደሚሆን እየተጨነቅሁ። ሮይስ ውጭ ተቀምጦ መጽሔት ያገላብጥ ነበር።

"ከዕድሜሽ አንጻር በጣም ደህና ነሽ" አለች ሐኪሟ።

"ያልሠራሁትን ሥራ ሠርቻለሁ ብዬ አስቤ፣ የሠራሁትን ደግሞ ረስቼ…" ነገሩ ራሱ ተምታታብኝ። የሠራሁትን ነው የረሳሁት። እጄን መታ መታ አድርጋ "ድንጋጤ እንዲህ ያደርጋል" አለችኝ። አላመንኳትም። ሐኪም መቼም እናቴንም "ደህና ነሽ" ይላት ነበር።

ስንመለስ ሮይስ ካፌ አቁሞ የሩባርብ ኬክ ጋበዘኝ።

"ብቻሽን መኖርሽ ያሳስበኛል" አለ ሹካውን እያየ። "እኔ ጋ ሰፊ ክፍል አለ፣ ፀሐይ የሚገባበት። አሁኑኑ አይደለም። አስቢበት።"

ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆምኩ። ፀጉሬን እንዲህ ያስረዘምኩት መች ነው? መቆረጥ አለበት። ወይም ይቆይ።

ኦክቶበር 3፣ ሐሙስ

የደስቲን ቀኝ ዓይን አይመለስም። ዛሬ ነገሩት።

ስልክ ላይ "እማ፣ ሌላ አለኝ እኮ" አለኝ። ሊያስቀኝ።

ኦክቶበር 8፣ ማክሰኞ

ሮይስ መቆንጠጫውን ዛሬም አላመጣም።

"ረሳሁት። እኔንም እንዳንቺ ሊያደርገኝ ነው መሰለኝ" ብሎ ሳቀ።

እኔም ሳቅሁ።

ኦክቶበር 10፣ ሐሙስ

የአደን ዕቃ ሻጩ ክላይድ ሱቅ ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ገበሬዎች ወሬያቸውን አቆሙ። ክላይድ ግን እንደ ጥንቱ ነው።

"መዶሻሽ ሰለቸሽ?"

"አልነቅል አለኝ።"

"ስንት አለሽ?"

"ጥቂት።"

"ለጥቂት ጥይት መቆንጠጫ? ሴትየዋ ሀብታም ሆናለች!" ብሎ መሰላሉን ወጣ። "የትኛውን ዓይነት? በክንድ የሚቆለፍ አለ፣ ለብዙ ነው የሚፈጥነው። የሚጠመዘዝ አለ፣ ቀስ ይላል ግን አረሩን አይጭርም። ለየአረሩ ውፍረት የራሱ ቆንጣጭ አለው፣ እሱን ሳትይዢ እንዳትሄጂ። ለሽጉጥ ድቡልቡል አረር ደግሞ አትሞክሪው፣ የሚይዘው ጫፍ የለውም።"

"የጠመንጃ ነው። ረጅም ነው፣ ይይዘዋል።"

የሚጠመዘዘውን መረጥኩ። ክላይድ ጠቅልሎ ሰጠኝና ዝቅ ብሎ "መጀመሪያ አረሩን ፀጉር ታህል ወደ ውስጥ ግፊው፤ ጭምዳዱ ይላቀቃል" አለኝ። አውቀዋለሁ። ግን እኔን እንደ ድሮው ሰው ያናገረኝ ስለሆነ ዝም ብዬ አዳመጥኩት።

ኦክቶበር 11፣ ዓርብ

በጠዋት ወረድኩ።

መቆንጠጫው ከመዶሻው የሚለይበት አንድ ነገር አለ። መዶሻው ሁሉንም ዘርግፎ ያወጣዋል። በዚህኛው ግን ጥይቱ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ነው፤ ቆንጣጩ አረሩን ከላይ ይይዘዋል፣ የመሙያ ማሽኑን ክንድ ስታነሺ ቀለሁ ወደ ታች ይወርዳል፣ አረሩ እላይ ይቀራል። ባሩዱ ቀለሁ ውስጥ እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው ይቀመጣል።

የመጀመሪያውን ገፋሁ፣ አጠበቅሁ፣ ሳብኩ። ወጣ። ቀለሁን ነጩ ሳህን ላይ ገለበጥኩት።

ጥቁሩ ክር አለ። በመሀሉ ግን ግራጫ ነገር አለ። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ደቃቅ።

ሁለተኛውን። ያው። ከመጀመሪያው ይበዛል።

ሦስተኛውን። ትንሽ።

የሽጉጥ ባሩድ ነው። ፈጥኖ የሚነድ። ጠመንጃ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን በክበቡ ትምህርት የመጀመሪያው ቀን የማስተምረው እሱን ነው።

እኔ የሽጉጥ ጥይት አልሞላም። ሞልቼም አላውቅም። እንዲህ ያለ ባሩድ ቤቴ የሚያመጣ አንድ ሰው ነው። ቆርቆሮው መደርደሪያው ላይ ይቀመጥ ነበር። አሁን የለም። አቧራው ላይ ክብ ምልክቱ ብቻ ቀርቷል።

ምናልባት ሌላ ሰው።

ማን?

ምናልባት እኔ ራሴ በስህተት የሱን ቆርቆሮ አንሥቼ… ታዲያ ጭምዳዱስ? የሽጉጥ ጥይት የሚሞላ ሰው ነው የቀለሁን አፍ እንዲህ የሚጨመድድ። አርን ይስቅበት ነበር፤ "ሮይስ የሰላምታ እጁም አይላቀቅም" እያለ።

ሮይስ እንዲህ አያደርግም። ቢያደርግም ይነግረኛል። ጠይቄው ነበር እኮ።

ጠይቄው ነበር።

ኦክቶበር 12፣ ቅዳሜ

ነገሩ እያመመኝ ነው የመጣልኝ። ከሄድኩ በኋላ ሮይስ ወደ ምድር ቤት ወርዶ መጀመሪያ የሽጉጡን ሞላ። የባሩድ መለኪያውን አላራገፈም። በላዩ ላይ የጠመንጃውን ጨመረ። ከዚያ ቀሪዎቹን ባዶ ቀለሆች ሞላ።

ቀሪዎቹን ባዶ ቀለሆች። ባዶ ነበሩ። ልክ ነበርኩ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ "ልክ ነበርኩ" አልኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኦክቶበር 15፣ ማክሰኞ

በሰዓቱ መጣ። ቡናውን አላፈላሁም፤ ራሱ ቀዳ፣ ቀዝቃዛውን።

"ዛሬ ምን እንሥራ?" አለ ኮፍያውን እያወለቀ።

"ተቀመጥ። መነጽር አድርግ።"

አንዱን ጥይት አስቀርቼለት ነበር። ቆንጣጩን ሲያይ ቆመ።

"ከየት አመጣሽው?"

"ከክላይድ።"

"እኔ አመጣልሽ አልነበር?"

"አልነበር" አልኩት።

አጠበቅሁ፣ ሳብኩ። ቀለሁን ሳህኑ ላይ ገልብጬ ሳህኑን ወደሱ ገፋሁት። ጎንበስ ብሎ አላየውም። ሳያየው አወቀው። ያን ጊዜ ነው እኔም የቀረችኝን ጥርጣሬ የጣልኳት።

"ለደግ ነበር" አለ። "ስትመለሺ ተሞልቶ እንዲጠብቅሽ ብዬ ነው። መለኪያውን ያራገፍኩት መስሎኝ ነበር፣ ማርሊስ።"

"መቼ አወቅህ?"

"ጠመንጃው ሲፈነዳ።"

"እዚያው?"

"እዚያው።"

"ይሄ ስህተት ነው። ሰው ይሳሳታል። ኮሪደሩ ላይ ግን ጠየቅሁህ።"

"ጠየቅሽኝ።"

"ረስተሽ ነው አልከኝ።"

ኮፍያውን በእጁ አገላበጠ።

"ሐኪም ቤት ራስህ ነድተህ ወሰድከኝ። ሰዓት ሳዪ ተብዬ ስስል አንተ መጽሔት ታነብ ነበር።"

"ፈራሁ" አለ። እውነትም የፈራ ሰው ድምፅ ነው። "የደስቲን ዓይን ነው። ብነግርሽ ሁለተኛ በዚህ ደጅ የምታስገቢኝ አልመሰለኝም።"

"እና አንተ በደጄ እንድትገባ እኔ ልበድ?"

"አላበድሽም—"

"አሁን ነገርከኝ!"

ሳቅ አመለጠኝ፤ የሚያስፈራ ሳቅ። ሮይስ አንገቱን ደፋ።

"በዚህ መኸር ልጠይቅሽ አስቤ ነበር" አለ። "አብረን—"

"አትጨርሰው" አልኩት። "እንዳትጨርሰው፣ ሮይስ።"

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ ደስቲን ቤት ሄዶ በራሱ አፍ እንዲነግረው አልኩት። እሺ አለ። በአርን ስም ማለ። እኔ ማል አላልኩትም።

ሲወጣ ኩባያውን አጥቦ፣ ደፍቶ አስቀመጠው። እንደ ሁልጊዜው። ሌላው ሁሉ አላስለቀሰኝም ነበር።

ኦክቶበር 20፣ እሑድ

የደስቲን ቤት ከመንገዱ ማዶ ካለው የእህል ጎተራ ይታያል። መኪናዬን እዚያ አቁሜ ጠበቅሁ። ምሳ ሰዓት መጣ፣ አለፈ። የሮይስ መኪና አልመጣችም። ሌላ ትንሽ ጠበቅሁ። ሰው እስከ መጨረሻው ሲጠብቅ እንዴት ያለ ሞኝ እንደሚሆን አየሁ።

በሩን የከፈተችው ጃኔል ናት። "ማርሊስ፣ ዛሬ ደክሞታል—"

"አምስት ደቂቃ" አልኳት። በእጄ ነጩን ሳህን በፕላስቲክ ሸፍኜ ይዤ ነበር። እንደ ምግብ።

ደስቲን ጥቁር መሸፈኛ ዓይኑ ላይ አድርጎ ከብሪታ ጋር እንቆቅልሽ ሥዕል ይገጣጥማል። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ልጄ ባሩድ ባለበት ቤት ያደገ ነው፤ ምን እንደሚያይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። በቀረችው ዓይኑ ቀረብ ብሎ አየ። በጥፍሩ ግራጫውን ከጥቁሩ ለየ።

"የሮይስ ነው" አለ።

"አዎ።"

"ያውቅ ነበር?"

"ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ።"

ቁጣ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ወደ እኔ ዞረ። "ያንቺ መስሎሽ ነው ይህን ሁሉ ሳምንት የቆየሽው?"

"ጭንቅላቴ እንደ አያትህ የሆነ መስሎኝ ነበር። ሐኪም ዘንድም ሄጃለሁ።"

"ብቻሽን?"

"ከሮይስ ጋር።"

ደስቲን ተነሣና ወደ ጓሮ ወጣ። በመስኮቱ አየሁት፤ የማገዶውን ክምር በእግሩ ይረግጣል፣ እንጨቱ እየተናደ። ጃኔል ቆማ ቀረች። 

"ልጅቷን ከለከልኩዎት" አለች። "ሆስፒታል ውስጥም ጠቆምኩብዎ። ምን ብዬ…"

"እናት ነሽ" አልኳት። ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ አልነበረም። ገና ነበር። ግን ወንበር ሳበችልኝ፣ ተቀመጥኩ።

ብሪታ ሳህኑን አይታ "ይሄ በርበሬ ነው?" አለች። ሁለታችንም በአንድ ጊዜ "አትንኪ!" ብለን ጮህንባት።

ኖቬምበር 6፣ ረቡዕ

የክበቡ ስብሰባ። ሄድኩ። ደስቲን ልምጣ ብሎኝ ነበር፤ እንቢ አልኩት።

ሮይስ ተነሥቶ ተናገረ። ቨርን አስገድዶት ይሁን በራሱ አላውቅም። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ "ኦገስት ላይ ማርሊስ ቤት ሁለት ዓይነት ባሩድ ተቀላቀለብን" አለ።

ተቀላቀለብን።

ብን።

ሰዉ አንገቱን ነቀነቀ፤ አዬ፣ በሁሉም ይደርሳል። አንዱ "እግዜር ያውቃል፣ ዋናው መማማር ነው" አለ። ሊጨበጨብለት ነበር።

ተነሣሁ። 

"ብህ በል" አልኩት።

"ማርሊስ—"

"እኔ ማይኖት የእህቴን አልጋ ነበር የማነጥፈው። ባሩዱ ተቀላቀለብህ። ልጄ ሲወድቅ አወቅህ። ስጠይቅህ ረስተሻል አልከኝ፣ ትምህርቴንም ወሰድክ። ብን የሚባል ነገር እዚህ የለም።"

 ማሞቂያው ብቻ ይንጫጫል።  ሮይስ ቀስ ብሎ "ብኝ" አለ። "ተቀላቀለብኝ። ዋሸኋትም።" ኮፍያውን አድርጎ ወጣ። ማንም አልተከተለውም። ለአንድ አፍታ ልከተለው እግሬ ተነሥቶ ነበር። እውነቱን ልጻፍ ብዬ ነው።

ቨርን በኋላ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። "ትምህርቱን ትመለሺበታለሽ አይደል?"

"ለጊዜው" አልኩት።

ኖቬምበር 19፣ ማክሰኞ

ጠዋት በረንዳው ላይ የወረቀት ከረጢት አገኘሁ። ውስጡ የድሮው መቆንጠጫ መንቀያዬ ነው። ቃል የለበትም። የጎማ ዱካው በረዶው ላይ ገና ትኩስ ነበር።

ዘይት ቀብቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መሣሪያው ምን አጠፋ።

ማክሰኞ ሙሉ ቀን ነው። ይህን ከዚህ በፊት አላውቅም ነበር።

ኖቬምበር 28፣ የምስጋና ቀን

ደስቲን ቤት በላን። ጃኔል ተርኪ ዶሮውን አሳርራው ሁላችንም ጣፈጠ አልን። ብሪታን ከኔ ቤት ወደ እነሱ ያደረስኳት እኔ ነኝ፣ በበረዶ፣ ላሟን እየዘፈነች። ላሟ አሁን ወልዳለች።

ሮይስ ወደ አሪዞና፣ ወንድሙ ጋ ሊሄድ ነው አሉ። ማን እንደነገረኝ ረስቻለሁ። ረስቻለሁ ስል ደግሞ ልቤ ደነገጠ። ይህን ማን ይመልስልኛል? ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩ በጠፋኝ ቁጥር ያ ፍርሃት ይነሣል። የደስቲንን ዓይን ወሰደ፤ ከኔ የወሰደው ደግሞ የማይታይ ነው፣ መሸፈኛ አይደረግበትም።

ዲሴምበር 1፣ እሑድ

የአደን ወቅት የመጨረሻ ቀን። ደስቲን አጋዘን ሳይሆን ወረቀት ልተኩስ አለ። በግራ ትከሻው።

ሜዳው ላይ እኛ ብቻ ነበርን፤ ደስቲን፣ ጃኔል፣ እኔ። ነፋሱ ያስለቅሳል። ያመጣሁት ሳጥን ዓርብና ቅዳሜ የሞላሁት ነው፤ አንድ ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ፣ መለኪያው ታጥቦ፣ እያንዳንዱ ተመዝኖ። ቢሆንም የፋብሪካ ጥይትም በኪሴ ይዤ ነበር፣ ቢጠይቀኝ ብዬ። አልጠየቀኝም። መነጽሩን አወረደ፣ ከሳጥኔ አንዱን አንሥቶ አጎረሰ። ጠመንጃው አዲስ ነው፣ በግራው ገና አልለመደውም፤ ሕፃን ልጅ እንደመታቀፍ እያገላበጠ ያዘው። ጃኔል እጄን ያዘች።  

ተኮሰ። ንጹሕ ድምፅ ነው፣ ጭሱም በፊት ወጣ። በአጉሊው አየሁ፤ ከመሀሉ ሁለት ጣት ብቻ ወደ ግራ። በአንድ ዓይን፣ በማያውቀው ትከሻ!

 "አየኸው?" ብዬ በቀኜ በኩል ዘወር አልኩ፣ ሮይስ ሁልጊዜ ይቆም ወደነበረበት።